አሮጌው ብስክሌትና የደጋው መንገድ

የደጋ ሰው ከብስክሌቱ ላይ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ዳገት ላይ ጕልበት ሲያንሰው፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲያንሰው። ዳገት ላይ መውረድ ቢበዛ የሚያስከትለው ላብና የጓደኛ ሣቅ ነው። ቁልቁለት ላይ መቆም አለመቻል ግን የሚያስከትለው ሌላ ነገር ነው። ይህ ጽሑፍ አሮጌ ብስክሌትን በጥቂት ገንዘብ ለተራራ መንገድ ስለ ማዘጋጀት የሚያስረዳ ሲሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሟገተው ለአንድ ሐሳብ ነው፤ ይኸውም ኪሱ የሳሳ ተማሪ የመጀመሪያውን ብር ማውጣት ያለበት ለመሄጃው ሳይሆን ለመቆሚያው ነው።

የቋንቋና የታሪክ ተማሪ ስለ ቡሎንና ስለ ካቴና ምን አገባው የሚሉ የምሕንድስና ወንድሞቻችን እንደማይጠፉ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ቁልቁለቱ ፋኩልቲ አይለይም።

አገሩን ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት ማስረዳት ያስፈልጋል። መካነ ሰላም በደቡብ ወሎ ምዕራባዊ ደጋ፣ በቦረና ምድር የምትገኝ ከተማ ናት። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2500 ሜትር ይበልጣል። በስተ ምሥራቅ የለጋምቦ ብርዳም ደጋ፣ በስተ ሰሜን የሣይንት አገር፣ በስተ ደቡብ ወግዲና ከላላ ያዋስኗታል፤ በስተ ምዕራብ ግን ምድሩ እየተሰነጠቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል፤ ከወንዙ ማዶ ያለው ጎጃም ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ ቱሉ አውሊያ ሲሆን፣ ሌላው እዚሁ መካነ ሰላም ስለ ሆነ፣ ከልዩ ልዩ ቆላና ሜዳ አገር የመጣ ተማሪ ሁሉ ይህን ዳገትና ቁልቁለት በየቀኑ በእግሩ ይማረዋል። አምባው ላይ ያለው መንገድ ለጥ ያለ መስሎ ይታያል፤ በክረምት ግን ጥቁሩ መረሬ አፈር ጎማ ላይ እንደ ጭቃ ምርጊት ይለጠፋል፤ በበጋ ደግሞ ልቅ ጠጠርና ሹል ድንጋይ ይሆናል። ከአምባው ጫፍ ሲያልፉ ነገሩ ሁሉ ወደ ታች ነው።

በእንዲህ ያለ አገር ብስክሌት ማን ይፈልጋል? ከከተማ ርቆ የተመደበ አስተማሪ ይፈልጋል፤ ከቀበሌ ቀበሌ የምትዞር የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ትፈልጋለች፤ ቅዳሜ ወደ ወላጆቹ ቤት ሄዶ እሑድ ማታ ለመመለስ የሚሻ ተማሪ ይፈልጋል። በቅሎ ውድ ናት፤ ደግሞም ትበላለች። ባጃጅ ከከተማው ጫፍ ብዙም አያልፍም። በእግርና በመኪና መካከል ያለውን ክፍተት የሚሞላው ብስክሌት ነው።

«ብስክሌት የሜዳ ዕቃ ነው፤ ለባሕር ዳር እንጂ ለእኛ አይሆንም» የሚል ንግግር ይሰማል። ባሕር ዳር ለብስክሌት የተመቸች ለጥ ያለች ከተማ መሆኗ እውነት ነው። ሆኖም ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ኦሊምፒክ በሄደችበት ጊዜ፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ፣ ከሯጮቻችን ጋር እነ ገረመው ደንቦባን የመሰሉ ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በፈረንሳይ ዙርያ ውድድር የተካፈለ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ፤ ያ ውድድር ደግሞ የታላላቅ ተራራዎች ውድድር ነው። እንግዲህ ጥፋቱ የዳገቱ ሳይሆን የመሣሪያው አለመገጣጠም ነው።

ስሙን ከፍሬን ያገኘው ቁልቁለት

የተራራ ብስክሌት የሚባለው ዕቃ በታላቅ ፋብሪካ የተወለደ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገሩ እንዲህ አይደለም። በካሊፎርኒያ ውስጥ ማሪን በሚባል አውራጃ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጥቂት ወጣቶች በ1930ዎቹና በ1940ዎቹ የተሠሩ፣ ወፋፍራም ጎማ ያላቸው፣ ከባድ የሆኑ አሮጌ ብስክሌቶችን ከየጓዳው እየለቀሙ በርካሽ መግዛት ጀመሩ። እነዚህ ዛሬ ክሩዘር የሚባሉት፣ ተቀምጠው ዘና ብለው የሚነዷቸው፣ ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌቶች ናቸው። ወጣቶቹ ብስክሌቶቹን በመኪና ወይም በግፊት ተራራ ላይ አውጥተው ቁልቁል ይለቋቸው ነበር።

ጥቅምት 11 ቀን 1969 ዓ.ም. ከእነዚህ ቁልቁለቶች በአንዱ ላይ ውድድር ተደረገ። መንገዱ ከ3.5 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ውስጥ 400 ሜትር ያህል የሚወርድ ነው። ብስክሌቶቹ የነበራቸው ፍሬን ፔዳሉን ወደ ኋላ በመርገጥ የሚይዝ፣ በኋላው መንኰራኵር እምብርት ውስጥ የተቀበረ ፍሬን ነበር። ከላይ እስከ ታች ሲይዙት እምብርቱ ከመጋሉ የተነሣ ውስጡ ያለው ግራሶ ጭስ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ጕዞ በኋላ እምብርቱን ፈትቶ እንደገና ግራሶ መሙላት ያስፈልግ ነበር፤ ቁልቁለቱም «ሪፓክ» ማለትም «እንደገና መሙላት» ተብሎ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ልብ እንድንለው የሚገባው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። እነ ጌሪ ፊሸር አሮጌዎቹን ብስክሌቶች ሲያሻሽሉ ታምቡር ፍሬን፣ የሞተር ብስክሌት ፍሬን መያዣና ብዙ ማርሽ ነበር የጨመሩባቸው። ጆ ብሪዝ ለዚህ ሥራ ብቻ የታሰበ አዲስ የብስክሌት አካል የሠራው ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የተራራ ብስክሌት በአትላንታ የኦሊምፒክ ውድድር ሆነ። ዛሬ በብዙ ገንዘብ የሚሸጠው ሁሉ የተነሣው ከአሮጌ ብረት፣ ከመፍቻና መቆም ከመፈለግ ነው።

ብስክሌቱን መመርመር

በአገራችን አሮጌ ብስክሌት ሲባል ብዙውን ጊዜ የአሜሪካኑ ክሩዘር አይደለም። እንደ ቻይናው ፎኒክስ ወይም እንደ ሕንዱ ሂሮ ያለ፣ ቀጥ ብለው የሚቀመጡበት፣ ጥቁር፣ ከባድ፣ ባለ 28 ቁጥር ጎማ ብስክሌት ነው። ፍሬኑ በካቦ ሳይሆን በቀጭን የብረት ዘንግ ይሳባል። ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ብረት ናቸው፣ ሁለቱም ከባድ ናቸው፣ ሁለቱም በየትኛውም የወረዳ ከተማ ባለ በያጅ ይጠገናሉ። የሚለያቸው የጎማቸው ልክ ነው፤ ወደ እርሱ በኋላ እንመለሳለን።

ገንዘብ ከማውጣት በፊት ብስክሌቱን ገልብጦ በጨርቅ አጥቦ በቀን ብርሃን መመርመር ያስፈልጋል። መሪው ከአካሉ ጋር ከሚገናኝበት ቦታ በታች፣ ከሹካው ራስ አጠገብና ፔዳሉ በሚዞርበት ቱቦ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ፀጉር ቀጥኖ የተሰነጠቀ መስመር ካሳየ፣ ብረቱ ራሱ ተሰንጥቆ ሊሆን ይችላል። የኋላው አካል ላይ ያለ ስንጥቅ በጥሩ በያጅ ይድናል። በሹካው ላይ ያለ ስንጥቅ ግን አይበየድም፤ ሹካው ይለወጣል። ቁልቁለት ላይ ሹካ ሲሰበር ጋላቢው የሚያርፈው በፊቱ ነው። መሐል ዘንግ የሌለው የሴት ብስክሌት የሚባለውም ለጠጠር መንገድ ይሆናል፤ እኅቶቻችን በዚህ ምክንያት ወደ ኋላ እንዳይሉ። ከባድ ጭነት ሲጫን ግን እንደ ወንዱ አይጸናም።

ስለ ፍሬን

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ብስክሌት ነጂው 60 ኪሎ፣ ብስክሌቱ 20 ኪሎ፣ በጀርባ ያለው ጭነት 5 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ጠቅላላው 85 ኪሎ ነው። ይህ ሰው ከአምባው ጫፍ 500 ሜትር ቁልቁል ቢወርድ፣ ክብደቱ የሚለቀው ኀይል 416 ኪሎ ጁል ያህል ነው። ቍጥሩ ለእኛ ለሥነ ጥበብ ተማሪዎች ብዙ ላይናገር ይችላል፤ ስለዚህ በጀበና እንተርጕመው። በእኛ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ኀይል አንድ ሊትር ተኩል ሊሆን ጥቂት የቀረውን ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ቀስ ብሎ የሚወርድ ሰው ከዚህ ሙቀት አብዛኛውን የሚያወጣው ከአውራ ጣት በማይበልጡ አራት የጎማ ቁራጮች በኩል ነው። ፍሬን እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት የሚለውጥ ምድጃ ነው፤ ምድጃው ትንሽ ከሆነ ይቃጠላል።

የአሮጌው ብስክሌት ፍሬን ሁለት ድክመት አለው። አንደኛው ቸርኬው የተለበጠ ብረት መሆኑ ነው፤ ደረቅ ሲሆን ይይዛል፤ በዝናብ ሲረጥብ ግን የፍሬኑ ጎማ እንደ ሳሙና ይንሸራተትበታል። አሉሚኒየም ቸርኬ እርጥብም ቢሆን ከብረቱ እጅግ የተሻለ ይያዛል። ሁለተኛው የዘንጎቹ መገጣጠሚያ ብዙ መሆኑ ነው፤ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ጥቂት ሲላላ፣ እጅ የጨበጠው ኀይል ፍሬኑ ዘንድ ሳይደርስ በመንገድ ይቀራል።

በኪስ መጠን ሦስት መፍትሔዎች አሉ።

የመጀመሪያውና ርካሹ ያለውን ፍሬን ማደስ ነው። የፍሬኑን ጎማዎች በአዲስ መለወጥ፣ ቸርኬውን በሽቦዎቹ ማቃናት፣ ዘንጎቹን ማስተካከልና መገጣጠሚያዎቹን ዘይት ማስነካት ነው። ይህ በአምባው ላይ ለሚሄድ፣ ክረምት ሲገባ ብስክሌቱን ለሚያስቀምጥ ሰው ይበቃል። ለረጅም ቁልቁለት ግን አይበቃም።

ሁለተኛው የፊተኛውን መንኰራኵር እምብርት በታምቡር ፍሬን እምብርት መለወጥ ነው። ታምቡር ፍሬን እንደ መኪናው ሁሉ ውስጡ የተዘጋ ስለ ሆነ ዝናብና ጭቃ ብዙም አይነካውም፤ የቸርኬው ቁጥር 28 ይሁን 26 አያገባውም። የሚፈልገው በልኩ የተቆረጡ ሽቦዎችና ሽቦ ማሰር የሚያውቅ ባለሙያ ነው። አንድ ነገር ግን እንዳይረሳ፤ ታምቡሩ ሲይዝ ራሱ አብሮ እንዳይዞር የሚያግደው ክንድ በሹካው ላይ በጥብቅ መታሰር አለበት።

ሦስተኛው ከተጣለ የተራራ ብስክሌት ላይ ሹካውን ከነመንኰራኵሩና ከነፍሬኑ ወስዶ መግጠም ነው። አሉሚኒየም ቸርኬና ቪ ብሬክ የሚባለው በካቦ የሚሳብ ፍሬን ከተገኘ በዚህ ዋጋ ከዚህ የተሻለ አይገኝም። ነገር ግን የሹካው አንገት ውፍረትና ርዝመት ከአሮጌው ጋር መተካከሉን ሳይለኩ መግዛት ገንዘብ መጣል ነው። የአሮጌዎቹ አንገት ብዙውን ጊዜ ባለ 1 ኢንች ሲሆን፣ የአዲሶቹ ብዙዎች ከዚያ ይወፍራሉ።

ሦስቱንም ለማድረግ ባይቻል እንኳ ከኋላው በፊት የፊተኛው ፍሬን ይታደስ። ስንቆም ክብደታችን ወደ ፊት ስለሚያዘነብል የፊተኛው ጎማ መሬቱን ይበልጥ ይጨብጣል፤ የኋላው ደግሞ ይቀልና ይንሸራተታል። «የፊቱን ከያዝከው ይገለብጥሃል» እየተባለ የሚነገረው ምክር እውነት የሚሆነው በድንገት ጨምድደው ለሚይዙት ነው። ቀስ እያሉ እየጨመሩ ለሚይዙት የሚያድነው እርሱ ነው። ፔዳል ወደ ኋላ የሚረገጥበት ፍሬን ብቻ ያለው ክሩዘር ያለ ፊተኛ ፍሬን ወደ ቁልቁለት መሄድ የለበትም፤ የሪፓክ ጭስ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። ካቴናው ቢበጠስ ደግሞ ያ ፍሬን ጨርሶ የለም።

ስለ ዳገቱ

የሚያቆመው ከተገኘ በኋላ የሚያወጣውን እንፈልግ። የአሮጌ ብስክሌት የፊት ጥርስ ለምሳሌ 48፣ የኋላው 20 ቢሆን፣ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ብስክሌቱ 5 ሜትር ከ28 ሳንቲ ሜትር ያህል ይሄዳል። ለሜዳ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ከፍ በሚል የጠጠር ዳገት ላይ ያው 85 ኪሎ ሲወጣ፣ በፔዳሉ ላይ ያለማቋረጥ 50 ኪሎ ያህል መጫን ያስፈልጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው መላ ሰውነቱን በአንድ እግሩ ላይ አቁሞ እንደ መውጣት ነው። በዚህ ላይ በመካነ ሰላም ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ መሆኑን ጨምሩበት።

የፊቱ ጥርስ 32፣ የኋላው 22 ቢሆን ግን በአንድ ዙር የሚሄደው 3 ሜትር ከ20 ነው፤ የሚያስፈልገውም ኀይል ወደ 30 ኪሎ ይወርዳል። ዳገቱ ያው ነው፤ የተለወጠው አከፋፈሉ ነው፤ ዕዳን በአንድ ጊዜ ከመክፈል ይልቅ በየወሩ እንደ መክፈል። የሚታጣው ፍጥነት ነው። በደቂቃ 60 ዙር የሚረግጥ ሰው በድሮው ጥርስ በሰዓት 19 ኪሎ ሜትር ሲሄድ፣ በአዲሱ 11 ተኩል ያህል ይሄዳል። ከእግረኛ እጥፍ በላይ ነውና ለእኛ አገር ይበቃል።

የኋላውን ጥርስ መለወጥ ቀላል ነው፤ በጥርስ ተጠምዝዞ የሚገባ ስለ ሆነ በተገቢው መፍቻ ይወጣል። የፊቱ ግን በብዙ አሮጌ ብስክሌቶች ላይ ከፔዳሉ ክንድ ጋር አንድ ሆኖ ስለ ተሠራ ክንዱም አብሮ ይለወጣል። የካቴናውም ነገር አለ። ባለ አንድ ማርሽ ብስክሌት ካቴና ከባለ ብዙ ማርሹ ይሰፋል፤ ሰፊው ካቴና በቀጭን ጥርስ ላይ ይሄዳል፤ ቀጭኑ ካቴና ግን በወፍራም ጥርስ ላይ አይገባም። ስለዚህ ጥርስና ካቴና አብረው ይገዙ። ያረጀ ካቴና በአዲስ ጥርስ ላይ ማድረግ አዲሱን ጥርስ ይበላዋል።

ባለ 6 ወይም ባለ 7 ማርሽ መንኰራኵር የማስገባት ምኞት ያለው ሰው ደግሞ የኋላውን ሹካ ስፋት ይለካ። የአሮጌው ስፋት ብዙውን ጊዜ 110 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ባለ ብዙ ማርሹ ከ126 ጀምሮ እስከ 135 ይፈልጋል። ብረት በጥንቃቄ ከሁለቱም ወገን እኩል ሊከፈት ይችላል፤ አሉሚኒየም ግን አይሞከርም፤ ይሰነጠቃል። ለጀማሪና ለድሃ የምመክረው አንድ ዝቅተኛ ማርሽ ነው። የሚላላ የለውም፤ ጭቃ ሲገባበትም በእንጨት ጠርጎ መሄድ ነው።

ስለ ጎማ

በጎማ ጕዳይ ብዙ ሰው የሚታለለው በቁጥሩ ነው። 26 የተባለ ሁሉ አንድ አይደለም። የአሜሪካኑ ክሩዘርና የተራራው ብስክሌት ባለ 26 ቁጥር ጎማ የሚቀመጡበት ቸርኬ 559 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስለዚህ ጎማቸው ይለዋወጣል። ቀጭኑ ባለ 26 በ1⅜ ግን 590 ነው፤ አይገጥምም። የፎኒክስና የሂሮ ዐይነቱ 28 በ1½ ደግሞ 635 ነው። ትክክለኛው ልክ በጎማው ጎን ላይ በሚሊ ሜትር ተጽፎ ሲገኝ ያንን ማንበብ ነው እንጂ የነጋዴውን ቃል አይደለም።

በ28 ቁጥሩ ብስክሌት ላይ የተራራውን 26 ቁጥር መንኰራኵር ማስገባት ይቻላል፤ ወፍራም ባለ ጥርስ ጎማም ያስገኛል። ነገር ግን ብስክሌቱ ወደ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ስለሚል፣ በመዞሪያ ላይ ፔዳሉ ድንጋይ ሊመታ ይችላል። በዘንግ የሚሳበው የኋላ ፍሬንም ቸርኬው ዘንድ አይደርስም፤ አዲስ የፍሬን መያዣ በኋላው ሹካ ላይ ማስበየድ ግድ ይሆናል። ወጪው የማይቻል ከሆነ ባለ 28ቱን ይዞ መቅረት ነውር አይደለም። ትልቅ መንኰራኵር ጉድጓድና ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል።

ጎማው ምንም ቢሆን ከሹካው ጋር በግራና በቀኝ ቢያንስ የትንሽ ጣት ግማሽ ያህል ክፍተት ይኑረው፤ ያለዚያ የመረሬው ጭቃ ሲለጠፍበት መንኰራኵሩ ይቆማል። በክረምት የጭቃ መከላከያውን ማውለቅ ልብስ ያበላሻል፤ መንገድ ግን ያስኬዳል። በ2 ኢንች ጎማ ለጠጠር መንገድ ከ30 እስከ 40 ፒ.ኤስ.አይ. አየር ይበቃል። እንደ ከበሮ የተነፋ ጎማ በድንጋይ ላይ ይዘላል እንጂ አይጨብጥም፤ በጣም የላላ ደግሞ ከመነዳሪውን በቸርኬና በድንጋይ መካከል ያስነክሳል።

አዲስ ቢገዛስ?

«ይህን ሁሉ ከመልፋት በገበያ ያለውን ባለ ሞላ የተራራ ብስክሌት መግዛት አይሻልም?» የሚል ይኖራል። ጥሩውን ለመግዛት የሚችል ይግዛ። በርካሽ ዋጋ የሚሸጠው ግን ከፊትም ከኋላም ያለው ሞላ ብስክሌቱን ያከብደዋል፤ ዳገት ላይ የእግርን ኀይል እየጠጣ ይወዛወዛል፤ መጋጠሚያዎቹ ሲላሉም መለዋወጫቸው ከወረዳ ከተማ አይገኝም። አሮጌው ብረት መልከ ጥፉ ነው፤ ነገር ግን የሚሰበረው ሁሉ በታወቀ መሣሪያ፣ በታወቀ ሰው እጅ ይጠገናል። በአገር ቤት ለሚኖር ሰው ከሚሮጥ ዕቃ የሚጠገን ዕቃ ይበልጣል።

እንግዲህ አንድ ተማሪ ለማደሻ የመደበው ገንዘብ አሥር ብር ነው ብለን በምሳሌ ብንከፍለው፣ አራቱ ለፍሬን፣ ሦስቱ ለጥርስና ለካቴና፣ ሁለቱ ለጎማና ለከመነዳሪ፣ አንዱ ለግራሶና ለኵሽኔታ ይሁን። ለቀለም የቀረ ነገር የለም፤ ቀለም ዘመድ ሲመርቅ ይቀባል።

ከቁልቁለቱ በፊት

ታድሶ ያለቀ ብስክሌት በመጀመሪያው ቀን ወደ ዓባይ አይወርድም። በመጀመሪያ ቆሞ ይፈተናል። የፊተኛውን ፍሬን ጨብጠው ብስክሌቱን ወደ ፊት ሲገፉት፣ የፊቱ ጎማ መዞር የለበትም፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ሊነሣ ይገባዋል። የኋላውን ፍሬን ይዘው ሲገፉት ደግሞ የኋላው ጎማ ይንሸራተት እንጂ አይዙር። ቀጥሎ መንኰራኵሮቹን የያዙት ዳዶዎች፣ የመሪው ቡሎንና የፔዳሉ ክንድ በየተራ ይነቅነቁ፤ የሚንቋቋ ነገር ካለ ይጥበቅ።

ከዚያ በኋላ በመለስተኛ ቁልቁለት ላይ፣ በእርምጃ ፍጥነት፣ ከአንድ ምልክት ጀምሮ እስኪቆም ድረስ ስንት እርምጃ እንደሚፈጅ ይቆጠር። ቀጥሎ አንድ ጆግ ውሃ በሁለቱም ቸርኬ ላይ አፍስሶ ያንኑ መድገም ነው። በእርጥቡ የሚፈጀው ርቀት ከደረቁ እጥፍ በላይ ከሆነ፣ ያ ብስክሌት የበጋ ብስክሌት ነው፤ በክረምት ባለቤቱ ቁልቁለት ሲደርስ ይውረድና ይግፋው።

በረጅም ቁልቁለት ላይ ኮርቻው ዝቅ ይበል፤ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሁን፤ ፍጥነት ገና ሳይመጣ ይያዝ። በየጥቂቱ ቆሞ ቸርኬውን ወይም ታምቡሩን በእጅ ጀርባ መሞከር ያስፈልጋል፤ ሳይነኩት ገና ሙቀቱ የሚሰማ ከሆነ፣ እስኪበርድ ድረስ አገር እያዩ መቀመጥ ነው። ራስ መከላከያ ቆብ የቅንጦት ዕቃ አይደለም። በመንገድ ላይ ከብትና ሕፃናት ሲታዩ ደወል መደወል ሳይሆን ፍጥነት መቀነስ ይቅደም፤ በሬ የደወል ትርጕም አልተማረም። በቦረና ሣይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ፣ ማለት በደንቆሮ ጫካ በኩል የሚያልፍም ከተፈቀደው መንገድ አይውጣ፤ በዚያ ያሉት ጭላዳዎችና ቀይ ቀበሮዎች ከእኛ በፊት የነበሩ ባለርስቶች ናቸው።

በመጨረሻ ለማኅበራችን አንድ አሳብ ላቅርብ። ጥርስ ማውጫውን፣ ሽቦ ማጥበቂያውን፣ ካቴና መበጠሻውንና ጥሩ ፓምፕ እያንዳንዱ ተማሪ ለየብቻው ሊገዛ አይችልም፤ አንድ ሰው በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ ለሚጠቀምበት መሣሪያ ገንዘብ ማውጣትም አይገባውም። ለአንድ ግቢ ግን አንድ ሣጥን ይበቃል። ማኅበሩ አንድ ሣጥን ከነቁልፉ ቢመድብና ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥላ ያለው ቦታ ቢፈቀድልን፣ የምሕንድስናው ተማሪ መለኪያውን፣ የእኛው ፋኩልቲ ተማሪ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። በመጀመሪያው ቅዳሜ የምንሠራው ሥራም የታወቀ ነው፤ በግቢው ያለውን ብስክሌት ሁሉ አሰልፎ፣ የፊተኛውን ፍሬን ጨብጦ ወደ ፊት መግፋት።